ተነሺዎች

አያቴ ሁለት ጊዜ ተቀብራለች። የመጀመሪያው ቀብሯ ደህና ቀብር ነበር። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ፣ እኛ ልጆች ጋሽ ጥሩምባ የምንላቸው፣ ዶሮ ሲጮህ ተነሥተው ከካዛንቺስ መናኸሪያ እስከ ዑራኤል ድረስ እየለፈፉ ሰፈሩን ቀሰቀሱት፤ ድንኳን ተጣለ፤ ፍትሐት ደረሰ፤ ጎረቤት ሦስት ቀን ሙሉ ተመላለሰ። ሁለተኛው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የመቃብሩ ቦታ ጠቦ አጽሟ ከአፈር ወጣና በትንሽ ሳጥን ሆኖ ፉካ ገባ። ያን ዕለት የተገኘነው ሰባት ሰዎች ነን፤ ሰባተኛው ግንበኛው ነው። እናቴ ለዚያም ቢሆን ንፍሮ ቀቅላ መጥታ ነበር። «ቤት ለቀየረ ሰው ባዶ እጅ አይኬድም» አለች።

ይህን ያስታወሰኝ የአክስቴ ልጅ ነው። በአሥራ አንድ ዓመቱ ከካዛንቺስ ወጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ፣ አሁን ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ ጎልማሳ ነው። ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ ጊዜ ቡና እየጠጣን ለእናቴ አንድ ወሬ ነገራት። ዋሽንግተን ውስጥ ኮንግረሽናል የሚባል፣ በፈረንጅ 1807 የተከፈተ የመቃብር ስፍራ አለ። በመጸው ምሽቶች ተዋንያን የድሮ ልብስ ለብሰው በየመቃብሩ አጠገብ ይቆማሉ፤ ሕዝቡ ቲኬት ቆርጦ፣ አስጎብኚ ተከትሎ፣ በጨለማ ከሟች ወደ ሟች ይሄዳል፤ ሟቹም «እኔ እገሌ ነኝ፤ እንዲህ ኖርሁ፤ እንዲህ ሞትሁ» እያለ ታሪኩን በራሱ አፍ ያወራል። የማርሽ ሙዚቃ ደራሲው ሱዛም፣ የኤፍ ቢ አይ አለቃ የነበረው ሁቨርም የተቀበሩት እዚያው ነው።

«ሙታኑን ቁጭ ብድግ ያደርጓቸዋል እኮ፣ እትዬ!» አላት።

እናቴ ጀበናውን አዘነበለች። «የነሱ ሙታን አርፈው ስለተኙ ነው ቀስቃሽ የሚቀጠርላቸው። የኛዎቹ መች ተቀምጠው ያውቃሉ፣ ልጄ?»

ነገሩ በቡና ቀልድ ያልቅ ነበር። ግን ከአሜሪካ የመጣ ሰው ሳምንት ሳይሞላው የሚይዘው በሽታ አለ፤ ቢዝነስ ይባላል። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ጉብኝት ቢጀመር ያዋጣል አለ። ተዋናይ ሞልቷል፣ ልብስ ይከራያል፣ ሟች ደግሞ በነፃ ነው። የኔ ድርሻ ታሪኩን መጻፍ ሆነ፤ ስለዚህ መቆፈር ጀመርሁ። (ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ግስ አላገኘሁም።)

ብዙ ሳልቆፍር የገባኝ ነገር ሟችን በሰው አፍ ማናገር ከፈረንጅ የምንማረው ሙያ አለመሆኑ ነው። የመድረክ ቴአትራችን ልጅ ነው። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ሲሆን፣ ሕያዋንን ላለማስቆጣት በአውሬዎች አፍ ቢናገርም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ከመታገድ አልዳነም። ለቅሶ ግን ሽማግሌ ነው። በድሮው የለቅሶ ሥርዓት የሟቹ ፈረስ በመጣብር ተሸልሞ ይወጣል፤ ጋሻውና ጦሩ፣ ካባው፣ ጠመንጃው በዘመድ እጅ ይያዛል፤ አንዳንዴም ምስሉ ተሠርቶ ልብሱን ይለብሳል፤ ይህ ሁሉ በለቅሶው ሜዳ መካከል ይዞራል። ፎካሪው የሟቹን ጀብዱ ይፎክራል። ሙሾ አውራጇ ሟቹን በዓይኗ ላታውቀው ትችላለች፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደዘመተ፣ ማንን ጥሎ እንደሞተ ከዘመድ ጠይቃ ትይዝና እንደ ጎረቤቱ ሆና ታወርደዋለች። የቴአትር ሰዎች ይህን የገጸ ባሕርይ ጥናት ይሉታል። ተመልካቹ ቲኬት አይቆርጥም፤ ዓይኑ ደርቆ ከቆመ ግን ሳምንት ሙሉ ይታማል።

በከተማችን ከዚህ የቀረልን ፎቶው ነው። ሟቹ በመስተዋት ውስጥ ሆኖ በልጁ ደረት ላይ ተደግፎ ድንኳኑን ይዞራል። አያቴም ዞራለች።

አንድ እሑድ ለሙከራ ወጣን። መነሻችን ካዛንቺስ እንዲሆን ተስማማን፤ ካዛንቺስን ማግኘቱ ግን እንደ ድሮው ቀላል አልነበረም። ስሙ አለ። ስሙ ራሱ የመቃብር ድንጋይ ነው። ጣልያን አዲስ አበባን በያዘባቸው አምስት ዓመታት ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚያሠራ ተቋም ነበረው፤ በአጭሩ ሲጠራ «ኢንቺስ» ይባላል። የኢንቺስ ቤቶች፣ «ካዛ ኢንቺስ»፣ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆኑ። ጣልያን በ1933 ሄደ፤ የቢሮው ስም ግን ቀረ። ሮም ተቀምጦ ያንን አጭር ስም ያወጣ ጸሐፊ፣ ከሰማንያ ዓመት በኋላ የታክሲ ረዳት በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ እንደሚጮኸው ቢነገረው ምን ይል ነበር?

ወደ ታች ደግሞ ቂርቆስ አለ፤ ሰፈርተኛው ጨርቆስ የሚለው። ክፍለ ከተማው በሙሉ የሚጠራው በአንድ የሦስት ዓመት ሕፃን ሰማዕት ስም ነው። ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር የፈላ ውኃ ውስጥ ሲጣል መልአኩ ገብርኤል ውኃውን ያበረደላቸው ሐምሌ 19 ነው። ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የወረሰበት አዋጅ ቁጥር 47 የወጣውም ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የስንቱ ባለቤት ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ያደግንበት ሁሉ የቀበሌ ቤት ተባለ። እናቴ ዛሬም ድረስ «ያን ዕለት ውኃውን የሚያበርድልን አጣን» ትላለች።

በ2017 ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጣና ካዛንቺስ ፈረሰ። መንገዱ ሰፋ፣ ሣር ተተከለ፣ መብራት ቆመ፤ ከነዋሪው ብዙው ገላን ጉራ ሄደ። እንዲህ ለሚሄድ ሰው በወረቀት የሚሰጠው ስም «የልማት ተነሺ» ነው። የአክስቴ ልጅ ቃሉን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

«ተነሺ? ከሙታን?» አለኝ።

አልቀለደም። አማርኛው አሥራ አንድ ዓመቱ ላይ የቆመ ስለሆነ ቃሉን የሚያውቀው ከፋሲካ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አጥር ሥር ስንደርስ ማስታወሻዬን አወጣሁና አስጎብኚ ሆንሁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን በቮልስዋገን የወሰዷቸው ከዚህ ነው፤ የአክሱም ዘውድ ወራሽ በቮልስ የኋላ ወንበር። መጀመሪያ ከመስቀል አደባባይ በታች ወዳለው 4ኛ ክፍለ ጦር፤ ቀጥሎ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት። ነሐሴ 21 ቀን 1967 እዚያው ሞቱ። በ1984 አጽማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ከኮንክሪት ሥር ወጣ፤ በዓታ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ ስምንት ዓመት ጠበቀ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። የቦብ ማርሌይ ባለቤት ሪታ ሳትቀር ለቀብሩ መጥታ ነበር። ከኢዮቤልዩ እስከ ሥላሴ ደህና እግር ላለው ሰው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ጃንሆይ 26 ዓመት ፈጀባቸው።

የአክስቴ ልጅ ስልኩ ላይ ሒሳብ ሲሠራ ቆየ። «ታዲያ ተዋናዩን የት እናቁመው?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። ኢዮቤልዩ በር አንድ፣ 4ኛ ክፍለ ጦር አንድ፣ ቤተ መንግሥቱ አንድ፣ በዓታ አንድ፣ ሥላሴ አንድ፤ ለአንድ ሟች አምስት ጃንሆይ ያስፈልጉናል። የልብሱ ኪራይ ብቻ ከቲኬቱ ይበልጣል። «ሌላ ሟች የለም?» አለ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ከርቸሌ የተረሸኑት ሹማምንት አሉ፤ ሥልሳዎቹ የምንላቸው። (ከርቸሌም ከጣልያን የቀረ ቃል ነው፤ ቤት የሚሠራ ሰው እስር ቤት ሳይሠራ አይሄድም።) እነሱም ቢሆኑ ከተጣሉበት ጉድጓድ ተነሥተው ሥላሴ ገብተዋል፤ እስር ቤቱ ደግሞ ፈርሶ በ2004 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሞበታል። ለካ እናቴ ያለችው ይህን ነው። ዋሽንግተን ላይ ሙታን በቦታቸው ሆነው ሕያዋን ይዞሯቸዋል፤ እኛ ዘንድ ከተማዋን በእግር የሚጎበኙት ሙታኑ ናቸው።

መስቀል አደባባይ ጠርዝ ላይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ስንገባ ቢዝነሱ ተረሳ። ሙዚየሙ በ2002 የተከፈተ ነው። ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞች በመስተዋት ውስጥ ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ነው፤ አብዛኛው ገና ጢም ያላበቀለ ፊት። ከአስጎብኚዎቹ መካከል በዚያ ዘመን ታስረው፣ ተገርፈው የተረፉ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ግድግዳው ሲያመለክት ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ልብስም አይቀይርም። የአክስቴ ልጅ ሲወጣ «እዚህስ ተዋናይ አይገባም» አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም። ሒልተንን እስክናልፍ ድረስ ዝም ብለን ወጣን።

በዓታ ላይ መንፈሱ ትንሽ ተመለሰለት። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ሲሞቱ ለሕዝብ አልተነገረም፤ ንጉሡ ሞተው በስማቸው መንግሥት ቀጠለ፤ ይህም አንድ ዓይነት ቴአትር ነው። ዛሬ ከጣይቱና ከዘውዲቱ ጋር እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ናቸው። ምንጣፉ ይገለጣል፣ የወለሉ በር ይነሣል፣ መሪው መብራት ይዞ ይቀድማል፤ ጎብኚው አንገቱን ሰብሮ ይወርዳል። የአክስቴ ልጅ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ «እነዚህ ቀድመውናል» አለኝ፤ ስለ ቢዝነሱ መሆኑ ነው።

ሥላሴ ግቢ ሲልቪያ ፓንክኸርስት መቃብር አጠገብ ተቀመጥን። በ1953 አርፋ ከተቀበረች ወዲህ ማንም አላስነሣትም፤ እንግሊዝ ናትና እንቅልፉን ታውቅበታለች። የኛው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ደግሞ በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድሰር ቀርቷል። በ2015 አጽሙ እንዲመለስ ሲጠየቅ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ በዙሪያው የተቀበሩትን ብዙ ሰዎች ሳይረብሹ እሱን ማውጣት እንደማይቻል ነው። ይህን ለእናቴ ብነግራት የምትለውን አውቀዋለሁ።

ቢዝነሱ እዚያው ሥላሴ ቀረ። ጉብኝቱ ግን ቀረ ማለት አልችልም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዑራኤል ቀብር ነበረን። ሟቿ የድሮ የእድራችን አባል ናቸው፤ በሕይወት ሳሉ ገላን ጉራ ቢሄዱም «ከሰፈሬ ቅበሩኝ» ብለው ተናዘዋል። ለቀስተኛው በአውቶቡስ መጣ። ከአውቶቡሱ መጨረሻ የወረዱት ጋሽ ጥሩምባ ናቸው፤ ጥሩምባው የለም፣ ከዘራ ተክቶታል። አሁን የሚለፍፈው ስልክ ነው አሉን፤ «እሱ ደግሞ ጥሪ አይቀበልም ይላል፤ እኔ እንዲህ ብዬ አውቃለሁ?»

ከቀብሩ በኋላ አውቶቡሱ እስኪሞላ ብለን ወደ ካዛንቺስ ወጣን። እሳቸው ከፊት፣ እኛ አሥር አሥራ አምስት የምንሆን ከኋላ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ከዘራቸው ራሱ ጀመረ። «እዚህ ጋ የጠላ ቤቱ ደጅ» አሉና የባለቤቷን ኮልታፋ አነጋገር አስመሰሉ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እዚህ ላይ ፈንድቃ» አሉና በሰባ ስንት ዓመት ትከሻ እስክስታ ሞከሩ፤ መላኩ በላይ የጨፈረበት፣ የውጭ ሰው ሳይቀር የሚጎርፍበት አዝማሪ ቤት ነበር። «እዚህ አምፖሉ ሥር ባልና ሚስቱ፤ ሌሊት ሲጣሉ የኔ ጥሩምባ ያስታርቃቸዋል።» ሕያውም ሟችም ሳይለዩ በየድምፁ ጠሩት። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ኪሱ ከቶ እንደ ሕፃን ከከዘራው አጠገብ ይሄዳል።

አንድ የተከረከመ ሣር ዳር ሲደርሱ ቆሙ። እኔ ቦታውን አላወቅሁትም። እሳቸው ወደ ኋላቸው አይተው የዋርካውን ጥላ፣ የመንገዱን ጥምዝ ለኩና ሁለት እርምጃ ሣሩ ላይ ገቡ። ከዘራውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መቱ።

«ቤቶች!» አሉ፤ ያው ሰፈር የሚቀሰቅሰው ድምፃቸው ነው። «ቤቶች! አያታችሁ አሉ?»

«አሉ፣ ይግቡ» አለ የአክስቴ ልጅ፤ ሳያስበው አምልጦት ነው።

የሣሩ ጠባቂ ከወዲያ ማዶ እየሮጠ መጣ። «አባባ፣ ሣሩ ላይ አይቆምም!»

ጋሽ ጥሩምባ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። «አንተ ደግሞ የማን ተከራይ ነህ?» አሉት።