ሌሊቱ አይቆጠርም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ፤

ብርዱን አትጠይቂኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ አይፈራም እያልኩ መጥቼ፣ ይኸው ሁለት ካልሲ ደርቤ እተኛለሁ።

ደብዳቤ የጻፍኩልሽ፣ በስልክ ሳወራሽ እማዬ አጠገብሽ ሆና «ስፒከር ላይ አድርጊልኝ» ስለምትል ነው። ማክሰኞ የሚሄዱ የማኅበራችን እናት ይዘውልሽ ይመጣሉ። ለብቻሽ አንብቢው።

ሥራ ገና አላገኘሁም። አገኘሁ ያልኩት ለእማዬ ነው። ወረቀቱማ ሞልቶልኛል፤ የአረጋውያን እንክብካቤውን የ100 ሰዓት ኮርስ ጨርሻለሁ፣ የሲፒአር ካርድ አለኝ፣ የቲቢ ምርመራ አድርጌያለሁ፣ አሻራዬንም ሰጥቻለሁ። የቀረው የሚቀጥረኝ ሰው ብቻ ነው።

የቤዝመንቱ ክፍል በወር 750 ዶላር ነው። አምስት እንጀራ 8 ዶላር። ማሸጊያው ላይ «ጤፍ» ተብሎ ተጽፏል፤ ብትቀምሺው ትስቂ ነበር። ማኪያቶ ትቻለሁ። ነፃ የሆነልኝ የካውንቲው አውቶቡስ ብቻ ስለሆነ፣ ሥራ ፍለጋውን እንደ እመቤት በመስኮት እያየሁ ነው የምዞረው። በሶ ብትልኪልኝ ግን እንዴት ደስ ባለኝ። የማጀቱ ጣሪያ ተሠራ?

እዚህ ያሉ ያገራችን ሴቶች ሥራውን «ኬዝ» ነው የሚሉት። መጀመሪያ ሰሞን ከቅዳሴ ስንወጣ አንዷ «ኬዜ ሐሙስ ዕለት ሞተችብኝ» እያለች ስታለቅስ፣ እኔ ደግሞ የፍርድ ቤት ነገር መስሎኝ «አይዞሽ፣ ይግባኝ በይ» አልኳት። ኬዝ ያለችው ለካ አራት ዓመት አብራቸው ኖራ ያስታመመቻቸውን ባልቴት ነው። አዳሪ ሠራተኛ ስትሆኚ፣ ሰውየው ሲሞት ቤትሽም አብሮ ይሄዳል። ሻንጣዋን ጓደኛዋ መኪና ውስጥ አስቀምጣ ነበር ቅዳሴ የመጣችው።

ባለፈው ሳምንት ቤተስዳ አንድ ቤት ጠሩኝ። እናትየው 88 ዓመታቸው ነው፤ ያነጋገረችኝ ልጃቸው ናት። ቁጭ በይ እንኳ አላለችኝም። ወንድሟን በቪዲዮ ጠራችውና የመድኃኒት ብልቃጥ አስያዘችኝ፤ «ጮክ ብለሽ አንብቢለት፣ አነጋገርሽ ይገባው እንደሆነ ይስማ» አለችኝ። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አቁማኝ! ብልቃጡን ሳገላብጠው «አምሎዲፒን፣ 5 ሚሊ ግራም» ይላል። የእማዬ ኪኒን። ሳልደናቀፍ አነበብኩላቸው። እግር ሊያሳብጥ እንደሚችልም ጨመርኩላቸው።

ለመሆኑ እማዬ እየዋጠችው ነው? ወይስ እንደ ልማዷ «ዛሬ ደህና ነኝ» እያለች ለነገ ታሳድረዋለች? እሷን አትጠይቂያት፤ ፍሬውን ቁጠሪው።

የቤተስዳው ቤት ክፍያ በቀን 140 ዶላር ነው፤ አዳሪ፣ ሰባቱንም ቀን። «የምትተኚበት ሰዓት አይቆጠርም» አለችኝ። «ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?» ብዬ ጠየቅኳት። «እምብዛም» አለች። አሮጊቷ ከኋላዋ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ እጃቸውን ቀስ አድርገው አነሡና አራት ጣት አሳዩኝ።

ሜሪላንድ ውስጥ ትንሹ የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው። የመኝታ ሰዓት በስምምነት ይቀነሳል፤ ነገር ግን እየቀሰቀሱሽ አምስት ሰዓት እንኳ ካልተኛሽ ሌሊቱ በሙሉ ሥራ ነው። ይህን ሁሉ ኮርስ ላይ ጽፌዋለሁ። ልነግራት ስል እንግሊዝኛው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። «አስቤበት እደውላለሁ» ብዬ ወጣሁ፤ አልደወልኩም። አሮጊቷ ግን ከዓይኔ አልጠፉም።

አይዞሽ፣ ሁሉም እንዲህ አይደለም። ያለፈውን ቅዳሜና እሑድ የአንዲት ልጅ ኬዝ ሸፍኜላት 300 ዶላር ሰጠችኝ። የ91 ዓመት አዛውንት ናቸው፣ ቁመታቸው የበር ያህል። ማንሻ ማሽን አላቸው፤ በጨርቁ ታቅፊያቸውና እንደ ኩንታል አንጠልጥለሽ ከአልጋ ወደ ወንበር ታሻግሪያቸዋለሽ። ብቻዬን! ያቺ ባልዲ ውኃ የምታቃትተኝ እኔ!

የከበደኝ ሌሊቱ ነው። ፍራሻቸው ሥር ያለው ደወል ሊነሡ በሞከሩ ቁጥር ይንጫጫል። በጮኸ ቁጥር ናፕኪን ላይ ሰረዝ አደረግኩ፤ ሲነጋ ዘጠኝ ሆነ። በሰባተኛው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ «ባቡሩ በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። አትከራከሯቸው ተብለን ተምረናል። «ዘግይቷል፤ ሲመጣ እቀሰቅስዎታለሁ» አልኳቸው። እጄን እንደያዙ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ባስለቅቅ ደወሉ ይጮሃል ብዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። በናንተ ረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር። እማዬን ፀሐይ ላይ አውጥተሻት ይሆን እያልኩ አሰብኩ። አንቺም ሌሊት ስትነሺላት ሰረዝ የሚያደርግልሽ የለም። ወገብሽስ እንዴት ነው?

ነገ ከተራ ነው። ዘንድሮ ጥምቀት ከማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ጋር ሰኞ ላይ ስለገጠመ ብዙ ሰው ሥራ አይገባም። እኔም ነጠላዬን ካፖርቱ ላይ ደርቤ እወጣለሁ። ማክሰኞ ሌላ ቤት ለቃለ መጠይቅ ቀጥረውኛል፤ ቤተስዳ ጉሮሮዬ ላይ የቀረውን እንግሊዝኛ በቃሌ አጥንቼዋለሁ፣ አሁን ማን ይችለኛል!

አሁን ዋናው ነገር። በገና ዕለት እማዬ «እግሬ አብጧል፣ ጫማው ጠቦኝ ነው» ብላኛለች። ጫማው አይመስለኝም። ኪኒኑ ሊሆን ይችላል፤ ልብ ወይም ኩላሊትም ሊሆን ይችላል። ከቁርጭምጭሚቷ ትንሽ ከፍ ብለሽ አጥንቱ ላይ በአውራ ጣትሽ ተጫኚና አምስት ቁጠሪ። ጣትሽን ስታነሺ ጎድጉዶ ከቀረ በማግሥቱ ሐኪም ቤት ውሰጃት። እስከዚያ ኪኒኑን በራሷ እንዳታቆም። ከደብዳቤው ጋር ያለው 100 ዶላር ለዚህ ነው፤ ጣሪያው ይቆይ።

ያየሽውን እሑድ ስደውል ንገሪኝ። ስፒከሩን አጥፊና ወደ ደጅ ውጪ።

እኅትሽ