በክረምት ዕረፍት የትኛው ደሴት ይሻላል?

ዓመቱን ሙሉ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ደብዳቤ ሲያነብና መዝገብ ሲያገላብጥ የሚውል ሰው፥ የዕረፍቱ ወራት በቀረበ ጊዜ አሳቡ ወደ ባሕር ቢሄድ የሚያስደንቅ አይደለም። ይልቁንም እንደ እኛ በደጋ ተወልዶ በደጋ ላደገ ሰው ባሕር እንደ ሕልም የራቀ ነው፤ ደሴት ደግሞ ከባሕርም ወዲያ ናት። ደሴት የምንላት በዙሪያዋ ውሃ የከበባት ምድር ስትሆን፥ ቃሉን ከግዕዝ ስለ ወረስነው በአማርኛም በትግርኛም አንድ ነው። ይሁን እንጂ ስሙን ማወቅ ለምርጫ አይበቃም። በሥዕል ሲታዩ ደሴቶች ሁሉ እኅትማማች ይመስላሉ፤ ነጭ አሸዋ፥ ወደ ውሃው ያዘነበለ የኮኮናት ዛፍ፥ እንደ መስተዋት የጠራ ባሕር። በሥዕሉ ላይ የማይታዩት ነፋሱ፥ ዋጋውና የአገሩ ሕዝብ ናቸው፤ መንገደኛውን የሚያስደስቱትም የሚያሳዝኑትም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

በቤታችን ይህን ጉዳይ የተመካከርነው በዋዛ አልነበረም። መንገደኞቹ አምስት ነን፤ እኔ፥ ባለቤቴ፥ ሁለቱ ልጆቻችንና ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት ያለፈው እናቴ። እናቴ ባሕር አይተው አያውቁም። ገንዘቡ ከደመወዝ እየተቀነሰ በሁለት ዓመት የተጠራቀመ ነው፤ ያንኑ ያህል እንደገና ለመሰብሰብ ሌላ ሁለት ዓመት ያሻል። ሰባ ዓመት ላለፈው ሰው ደግሞ ሁለት ዓመት ቀላል ቀጠሮ አይደለም። ስለዚህ በደንብ ማሰብ ተገባን፤ ለምርጫም አምስት ስሞች ቀረቡ፤ እነርሱም ዳህላክ፥ ሞሪሺየስ፥ ሲሼልስ፥ ላሙና ዛንዚባር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ወራቱ ነው። ልጆች ያሉት ሰው ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው በሐምሌና በነሐሴ ካልሆነ ከነቤተሰቡ መንገድ ሊወጣ አይችልም። በእነዚህ ወራት በደጋው አገር ዝናብ ነውና፥ ብዙ ሰው በሌላውም ስፍራ እንዲሁ የሚዘንብ ይመስለዋል። የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ግን ሌላ ሥርዓት አለው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ነፋስ የስዋሂሊ ተናጋሪዎች «ካስካዚ» ይሉታል፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ የሚነፍሰው ደግሞ «ኩሲ» ይባላል። በጥንት ዘመን ነጋዴዎች በባለ ሸራ መርከብ ከዐረብና ከሕንድ አገር በካስካዚ መጥተው በኩሲ ይመለሱ ነበር። ትልቁ ዝናብ የሚወርደው ነፋሳቱ በሚለዋወጡበት ጊዜ፥ ይኸውም ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ሲሆን፥ ትንሹ ዝናብ በኅዳር ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ የእኛ ክረምት በዛንዚባር ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ወራት ነው ማለት ነው።

በዚህ ሚዛን መጀመሪያ የወደቀችው ለልቤ የምትቀርበው ዳህላክ ናት። በምጽዋ ፊት ለፊት በቀይ ባሕር ውስጥ የተበተኑት የዳህላክ ደሴቶች ከመቶ የሚበልጡ ሲሆኑ፥ ሰው የሚኖርባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። በዳህላክ ከቢር ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት በኩፊ ፊደል የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮችና የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸው የጥንት ጉድጓዶች ይገኛሉ። ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ በዚያ ጠረፍ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስበትና የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ ጥላ የሚሆን ዛፍና የሚጠጣ ውሃም እምብዛም አይገኝም። የዳህላክ መልካም ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ለዚያውም ጀልባና ፈቃድ አስቀድሞ ማሰናዳት ያስፈልጋል። ስለዚህ ዳህላክን ለሌላ ጊዜ አቆየናት።

ሞሪሺየስ ከአፍሪካ ጠረፍ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ናት። ብርቱ ወጀብ የሚያሰጋት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ስለ ሆነ፥ በእኛ ክረምት አደጋው የለም፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ ለእርስዋ የብርድ ወራት ነውና ባሕሩ ለዋና ቀዝቀዝ ይላል። ለአምስት ሰው የሚከፈለው የአውሮፕላን ዋጋም ከባድ ነው።

ባለቤቴ የወደደችው ሲሼልስን ነበር፤ መውደድዋም ያለ ምክንያት አይደለም። የሲሼልስ ደሴቶች 115 ሲሆኑ፥ እ.ኤ.አ. በ1976 ነጻነታቸውን አግኝተዋል። ፕራስሊን በተባለችው ደሴት ቫሌ ደ ሜ የሚባል ሸለቆ አለ፤ በዚያ የሚበቅለው «ኮኮ ደ ሜር» የተባለው ዘንባባ ፍሬው ከዕፀዋት ዘር ሁሉ ትልቁ ነው፤ አንዱ ብቻ ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ሸለቆው እ.ኤ.አ. በ1983 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል። በሲሼልስ ወባ አለመኖሩም ለአረጋውያንና ለሕፃናት ትልቅ ዕረፍት ነው። ይሁን እንጂ በሐምሌና በነሐሴ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል፤ ከማሄ ወደ ፕራስሊን በጀልባ የሚሻገር ሰውም በማዕበሉ ይንገላታል። ባሕሩ የሚያርፈው በሚያዝያና በጥቅምት ገደማ ነው። የእንግዳ ማረፊያው ዋጋም ከፍ ያለ በመሆኑ፥ ሂሳቡን ብናሰላ ያጠራቀምነው ገንዘብ ለአራት ሌሊት ብቻ የሚበቃ ሆነ። ለተጨማሪው ቀን ተበድሮ መሄድ ደግሞ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለውን መፈጸም ነው።

ልጆቹ በበኩላቸው ባለ ብዙ ፎቁን የሽርሽር መርከብ ለመኑ። መርከብ ለሽማግሌ ሰው የሚመችበት ነገር አለው፤ መኝታው አይለወጥም፥ ምግቡ ከአጠገብ ነው፥ ሐኪምም አይጠፋም። ነገር ግን እነዚህ መርከቦች ወደ ሕንድ ውቅያኖስ በብዛት የሚመጡት አውሮፓ በብርድ በምትያዝበት ወራት ነው። ዳግመኛም መርከቡ ጠዋት ወደብ ገብቶ ማታ የሚወጣ ከሆነ፥ መንገደኛው ወደቡን ያያል እንጂ ደሴቲቱን አያውቃትም።

ከዚህ በኋላ የቀሩት ሁለቱ የስዋሂሊ ደሴቶች ናቸው። በኬንያ ሰሜናዊ ጠረፍ ያለችው ላሙ እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ጥንታዊት ከተማ አላት። መንገዶችዋ እጅግ ጠባብ ስለ ሆኑ በመኪና ፈንታ ዕቃ የሚጭነው አህያ ነው። ጸጥታን ለሚፈልግ ወጣት ከላሙ የሚሻል አይገኝም። ለእናቴ ጉልበት ግን ከጀልባ ወደ ጀልባ መውጣትና መውረዱ ይከብዳል፤ ስፍራውም ለሶማሊያ ድንበር ቅርብ ስለ ሆነ የጸጥታውን ሁኔታ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በመጨረሻ ምርጫችን በዛንዚባር ላይ ጸና። ዛንዚባር ከታንዛንያ የብስ 35 ኪሎ ሜትር ያህል የራቀች ናት፤ አየር መንገዳችን ከአዲስ አበባ ወደዚያ ይበርራል፤ ማረፊያውም ለባለጸጋም ለደመወዝተኛም እንደ አቅሙ ይገኛል። ሆኖም በዚያችው በአንዲት ደሴት ውስጥ እንኳ የትኛው ዳርቻ እንደሚሻል መምረጥ ያስፈልጋል። የደጋ ሰው እምብዛም የማያውቀው ነገር ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ መሙላቱና ሁለት ጊዜ መጉደሉ ነው። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። በምሥራቁ ዳርቻ፥ በፓጄና በጃምቢያኒ፥ ውሃው በጎደለ ጊዜ ባሕሩ እጅግ ርቆ ይሄዳል፤ የመንደሩ ሴቶችም በባዶው መሬት ላይ ያለሙትን የባሕር አረም ይለቅማሉ። ማየቱ ደስ ያሰኛል፤ ለመዋኘት የመጣ ልጅ ግን ሰዓቱን እየቈጠረ መጠበቅ አለበት፤ ክረምት የኩሲ ወራት ስለ ሆነም ነፋሱ በዚያ ወገን ይበረታል። በሰሜን ጫፍ በኑንግዊና በኬንድዋ ግን ውሃው ብዙ ስለማይርቅ በማናቸውም ሰዓት መዋኘት ይቻላል። ልጆች ያሉት ሰው ይህን ሳያውቅ ማረፊያ ባይከፍል መልካም ነው።

ጉዳዩ ያለቀ በመሰለን ጊዜ ግን እናቴ አንድ ጥያቄ አነሡ፤ «ሰው እንደ ከብት ወደ ተሸጠበት አገር ለሽርሽር ይኬዳልን?» አሉ። ጥያቄው ሊታለፍ የሚገባው አይደለም። ዛንዚባር በ19ኛው መቶ ዓመት የቅርንፉድ ብቻ ሳይሆን የባሪያም ገበያ ነበረች። ሱልጣን በርጋሽ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ውል ፈርመው ገበያው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው፤ ዛሬ በስፍራው የእንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቆሞበታል፤ በግቢውም በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ምስል በጉድጓድ ውስጥ ተቀርጾ ይታያል። ታሪኩ እኛንም ይነካል። በዚያ ዘመን የሐበሻ ልጆች ከምጽዋ፥ ከታጁራና ከዘይላ ወደ ዐረብ አገር ይሸጡ ነበር፤ የሱልጣኑ ልጅ ሳልሜ እ.ኤ.አ. በ1886 በጀርመንኛ ባሳተመችው መጽሐፍ በአባትዋ ቤት ከነበሩት ሴቶች መካከል ሐበሾችም እንደ ነበሩ ትናገራለች። ገበያውን የዘጋውን ውል የፈረሙት የበርጋሽ እናትም ሐበሻ ነበሩ።

ይህን ለእናቴ በነገርኋቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲያስ እንሂድ፤ የሚያስባቸው ሰው ይድረስ» አሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀናችን ለባሕሩ ሳይሆን ለድንጋይ ከተማው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ከተማ የበርጋሽ «የድንቆች ቤት» ያለበት ነው፤ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1883 ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከፊሉ ፈርሶአል።

ለመንገዱ የሚያስፈልገውን በአጭሩ ልጨምር። ከኢትዮጵያ ወደ ዛንዚባር የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከመግባቱ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ዕድሜው ከ60 ያለፈ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ በዚያ ዕድሜ ክትባቱ ጥንቃቄ ይፈልጋልና። ለወባም አጎበር አይረሳ። ሕዝቡ ከሞላ ጐደል እስላም ስለ ሆነ በከተማ ውስጥ ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ መልበስ፥ በረመዳንም ቀን በአደባባይ አለመብላት ይገባል። ታናሽ ለታላቁ «ሺካሞ» ብሎ ሰላምታ ሲያቀርብ፥ ታላቁ «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል፤ የመጨረሻይቱ ቃል ለትግርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግዳ አይደለችም። ስዋሂሊዎች ሰዓትን የሚቈጥሩትም እንደ እኛው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት በእነርሱም ዘንድ አንድ ሰዓት ነው። የአውሮፕላኑ ትኬት ግን በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈ መሆኑን አለመዘንጋት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ደሴት ለመምረጥ የምታስብ እንደ ሆነ ሥዕሉን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገህ በመጀመሪያ ወራቱን ጠይቅ፤ ቀጥሎ ቦርሳህን ቍጠር፤ ከዚያም በስፍራው የሚኖረው ሕዝብ ማን እንደ ሆነና ምን እንዳለፈበት መርምር። ከሁሉም በላይ ከመንገደኞቹ መካከል በጉልበት የደከመውን አስብ፤ ለእርሱ የተመቸ ደሴት ለሌሎቹ አይከፋምና።