ያላወቅኋት አንዲት ቃል

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ አባቶቻችን ተርተዋል። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን በሽታውን ሳይደብቅ አፉን ሞልቶ እየተናገረ የሚሰማው ሰው ያጣ በሽተኛስ ምን ይበጀዋል? ይህን ጥያቄ በልቤ ያሳደረብኝ ባለፈው ዓመት በአያቴ ላይ የደረሰው ነገር ነው። ታሪኩ እኔን የሚያስመሰግን አይደለም፤ ይሁን እንጂ ለጓደኞቼ ትምህርት፣ ለወላጆችም ማሳሰቢያ ይሆን እንደ ሆነ በማለት ሳልሸሽግ እጽፈዋለሁ።

እናቴን የወለዱት አያቴ የአርሲ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የኖሩት በበቆጂ አቅራቢያ በገጠር ሲሆን ከኦሮምኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይናገሩም። አባቴ ግን አማርኛ ተናጋሪ ስለ ሆነ፣ እኛም አዲስ አበባ ተወልደን ስላደግን፣ በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። እናቴ በሕፃንነቴ ቋንቋዋን ልታስተምረኝ ብዙ ደክማ ነበር። አንድ ቀን በሰፈር ልጆች ፊት በኦሮምኛ ብትጠራኝና በኦሮምኛ ብመልስላት ልጆቹ በአነጋገሬ ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲያ እሷ በኦሮምኛ ስትናገረኝ እኔ በአማርኛ መመለስ ጀመርሁ። ስለዚህ የቀረልኝ «ና»፣ «ሂድ»፣ «ብላ»፣ «ጠጣ» የመሳሰለው ብቻ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «አዎን፣ እሰማለሁ» እል ነበር።

አያቴ ሊጠይቁን ከመጡ አንድ ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ ሲሆን አባቴ ከከተማ ውጭ በሥራ ላይ ነበር፤ እናቴም ስልኳን ቤት ረስታ ገበያ ሄዳለች። ረፋዱ ላይ አያቴ ከጓሮ ሲመለሱ ግድግዳ ይዘው ሲንገዳገዱ አየኋቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው አድሮ ኖሯል። ወዲያው አልጋቸው ላይ ወደቁ። ጎረቤታችንን ጠራሁ፤ እርሷም ኦሮምኛ የማትሰማ ብትሆንም ፈጥና አምቡላንስ አስጠራች።

ሐኪም ቤት ስንደርስ አንድ በዕድሜ የገፉ ሐኪም ተቀበሉን። «እማማ፣ ምን ቀምሰው ነው?» ብለው ጠየቁና ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔም እንደ ምንም ገጣጥሜ ጠየቅሁ። አያቴ የእጄን አንጓ ይዘው ብዙ ተናገሩ። ከተናገሩት ሁሉ የለየሁት «ጠጣሁ» የሚለውን ብቻ ነበር። «ሄጦ» የምትል አንዲት ቃል ደጋግመው ተናገሩ፤ እኔ ግን ሰምቻት አላውቅም። በዙሪያዬ ነርሶችና ሌሎች በሽተኞች ነበሩ። «አላውቅም» ለማለት አፈርሁ። በዋዜማው ማታ ወተት መጠጣታቸው ትዝ አለኝና «ወተት ጠጥተው ነው፤ ሳይበላሽ አልቀረም» አልሁ። ሐኪሙም «ሌላ የወሰዱት መድኃኒት አለ?» ቢሉኝ፣ አያቴን እንኳ ሳልጠይቅ «የለም» ብዬ መለስሁ።

ግሉኮስ ተደረገላቸው። የተበላሸ ምግብ ወይም ተላላፊ የሆድ በሽታ ይሆናል ተብሎ ታሰበ። አያቴ ግን ዐረፍ አላሉም። «ሄጦ! ሄጦ!» እያሉ በእጃቸው ወደ ዐይናቸው ያመለክቱ ነበር። ነርሷ «ምን ይላሉ?» ብትለኝ፣ «ውሃ ጠምቷቸው ነው» አልሁ። አንዱ ሐሰት ሌላውን ወለደ። አያቴ ፊቴን ትኩር ብለው አዩና ዝም አሉ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

በዚያን ጊዜ ወለሉን ትወለውል የነበረች አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ቀረበች። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እናታችን የሚሉት ስለ ወተት አይደለም፤ ስለ ውሃም አይደለም። ሌሊት ኮሶ ጠጥቻለሁ፤ በዝቶብኝ ነው መሰለኝ፤ ዐይኔም ደበዘዘብኝ ነው የሚሉት» አለች።

ሄጦ ማለት ለካ ኮሶ ኖሯል! አያቴ ከአገራቸው የደረቀ የኮሶ አበባ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አምጥተው፣ እኛን ላለማስቸገር ሌሊት ብቻቸውን በጥብጠው ጠጥተውታል። ሐኪሙ ወዲያው በሴትዮዋ አስተርጓሚነት መቼ እንደ ጠጡ፣ ምን ያህል እንደ ጠጡ ጠየቁ፤ ዐይናቸውንም መረመሩ፤ ያዘዙትንም ለወጡ። ኮሶ በእጅ እየተገመተ ስለሚጠጣ መጠኑ ሲበዛ ሰውነትን እንደሚያደክም፣ ዐይንንም ሊጎዳ እንደሚችል፣ ለዚህ ትል ዛሬ በሐኪም ቤት የተመጠነ ኪኒን እንዳለ ነገሩን። አያቴ ከሦስት ቀን በኋላ ድነው ወጡ።

ሐኪሙ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ አላውቅም ብትለኝ ኖሮ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር። የምታውቅ መስለህ ስለ ነገርኸኝ ግን መፈለጌን ተውሁ» አሉኝ። ከቁጣ ይልቅ ይህ ንግግር በለጠብኝ።

በኋላ ይህን ጉዳይ እያሰላሰልሁ ሳነብ በሌላ አገርም እንዲህ ያለ ነገር መድረሱን ተረዳሁ። በ1972 ዓ.ም. በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሐኪም ቤት ገባ። ከኩባ የመጡት ቤተ ሰቦቹ በስፓኝ ቋንቋ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ፤ ይኸውም የበላው ነገር ጎዳው ለማለት ነበር። ሐኪሞቹ ግን ቃሉ ከእንግሊዝኛው ጋር ስለ ተመሳሰለባቸው፣ በአደንዛዥ ዕፅ የሰከረ መሰላቸው። እውነተኛው ምክንያት በጭንቅላቱ ውስጥ ደም መፍሰሱ ሲሆን፣ ይህ እስኪታወቅ ጊዜው አለፈና ወጣቱ እጅና እግሩ ሽባ ሆነ። ወደ 71 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተወሰነለት፤ ነገር ግን ካሣ እግር አይተካም። ዛሬ በዚያ አገር በብዙ ቦታ ለአደጋ የሚደውል ሰው በስልክ አስተርጓሚ ይገናኛል። በዋሽንግተን ከተማም በ1996 ዓ.ም. የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ፤ አማርኛም ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እንግዲህ የእኛ ዘመዶች በሰው አገር በቋንቋቸው ሲደመጡ ደስ ካለን፣ በአገራችን ያለው በሽተኛም በቋንቋው ሊደመጥ ይገባዋል።

አገራችን ከ80 በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት ናት። አዲስ አበባም ከየማዕዘኑ የመጣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። በ907 ስልክ ቀይ መስቀልን ጠርተን አምቡላንስ ልናስመጣ እንችላለን፤ ነገር ግን መኪናው በሽተኛውን እንጂ ቃሉን አያደርስለትም። በክፍላችን ብቻ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ጉራግኛ፣ ሲዳምኛና ወላይትኛ የሚሰሙ ተማሪዎች አሉ። የትምህርት ቤታችን የቀይ መስቀል ክበብ «የት ያምዎታል? መቼ ጀመረዎ? ምን ወሰዱ?» የሚሉትን ጥያቄዎች በነዚህ ቋንቋዎች ጽፎ ቢያስጠናን፣ ትንሽ ሥራ ቢመስልም የሰው ሕይወት ሊያድን ይችላል።

ወላጆቻችንንም የምለምነው አለኝ። ቋንቋችሁን ልጆቻችሁ እንቢ ቢሏችሁ እንኳ አትተዉባቸው። እናንተም ጓደኞቼ፣ የማታውቁትን ስትጠየቁ «አላውቅም» ለማለት አትፈሩ፤ በሌላው ልጅ ቋንቋም አትሳቁ።

እኔ ዛሬ ማታ ማታ ከእናቴ ጋር እያጠናሁ፣ በየሳምንቱ ለአያቴ በኦሮምኛ እደውላለሁ። አነጋገሬ ገና ስላልቀና አያቴ ከት ብለው ይስቁብኛል። በእሳቸው ሳቅ ግን አላፍርም።