ከቆጥ የወረደው አሞሌ

በልጅነቴ በወሎ ገጠር ከአያቴ ቤት ሳድግ፣ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ሰባት አሞሌዎች በልጥ ታስረው ተደርድረው ነበር። እኒህንም አሞሌዎች አያቴ ሲራራ ነጋዴ ከነበሩት ከአባታቸው ወርሰዋቸዋል። እኔ በተወለድሁበት ዘመን አሞሌ ገንዘብ መሆኑ ከቀረ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ዳሩ ግን አያቴ እንደ ገንዘብ ይጠብቁት ነበር። ክረምት በገባ ቁጥርም፣ “ጢስ ካልመታው ዝናብ ይበላዋል” እያሉ ወደ እሳቱ ያስጠጉታል።

አንድ ነሐሴ አያቴ ለልቅሶ ወደ እኅታቸው አገር ሲሄዱ ቤቱን ለእኔ አደራ ሰጡኝ። እኔም በጓደኞቼ ፊት ልመካ ብዬ አራቱን አሞሌ አወረድሁና፣ ክዳኑ ከሚያፈስበት ግድግዳ ሥር አስቀምጬ ረሳኋቸው። አያቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት የነጣ ጭቃና የጣት ያህል ስባሪ ብቻ ነበር። ይገርፉኛል ብዬ ስፈራ፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ጭቃውን በጣታቸው ነክተው ቀመሱና፣ “ልጄ፣ ጨው ከመሬት ይቈፈራል፤ ጠባቂ ግን ከመሬት አይቈፈርም” አሉኝ። እኔ ግን ከዱላ በመዳኔ እየተደሰትሁ ስለ ነበር ቃሉን ልብ አላልሁትም።

ካደግሁ በኋላ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ ከ30 ዓመት በላይ አገለገልሁ። ስለ አሞሌም አስተምሬአለሁ። ጨዉ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው ከአፋር ሜዳ እየተፈለጠ፣ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው እንደሚወጣ፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም፣ ጨው በገንዘብ ፈንታ እንደሚያገለግልና ከተፈለጠበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር መጻፉን ለተማሪዎቼ ነግሬአቸዋለሁ። ካርታውንም ዘርግቼ፣ “እዚህ የአዶላ ወርቅ፣ እዚህ የዳሎል ፖታሽ፣ እዚህ የኦጋዴን ጋዝ አለ፤ አገራችን በሀብት ላይ የተኛች ናት” ስል ልጆቹ ደስ ይላቸው ነበር። እኔም ሥራዬን የፈጸምሁ ይመስለኝ ነበር።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ፣ በሒሳብ ትምህርት የሚወዳደረው ያልነበረ ተማሪዬ፣ ከዐሥረኛ ክፍል አቋርጦ ወደ ወርቅ ቁፋሮ ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ እጁ ሻክሮ፣ ኪሱም ባዶ ሆኖ ከቤቴ መጣ። በአንድ በጋ ያገኘው ገንዘብ እኔ በብዙ ዓመት ከማገኘው ደመወዝ የሚበልጥ ነበር፤ ነገር ግን በሞተር ብስክሌት፣ በግብዣና በብድር አልቋል። ቡናውን ጠጥቶ ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ “መምህር፣ ወርቁ የት እንዳለ አስተምረውኛል። ከወጣ በኋላ ምን እንደሚደረግ ግን አላስተማሩኝም።”

የምመልስለት ቃል አልነበረኝም። የአያቴም ንግግር ከ50 ዓመት በኋላ የገባኝ ያን ምሽት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር በአንድ ልጅ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ በመንግሥታትም ላይ ይደርሳል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው ናውሩ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ደሴት ናት። ለማዳበሪያ የሚሆን ፎስፌት ስለ ነበራት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1968 ነጻነቷን ካገኘች በኋላ፣ የሕዝቧ የነፍስ ወከፍ ገቢ በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ተርታ ገባ። ለኋላ ቀን ተብሎ የተቀመጠው ገንዘብ ግን በብክነትና በከሰረ ንግድ ተበተነ። በሜልቦርን ከተማ ያሠራችው ባለ 52 ፎቅ ሕንጻም በ2004 ተሸጠ። የደሴቲቱ መካከለኛ ክፍል ዛሬ የማይታረስ የድንጋይ ስንጥቅ ሆኖ ቀርቷል።

ቦትስዋና ደግሞ በ1966 ነጻ ስትወጣ ከዓለም ድኾች አገሮች አንዷ ነበረች፤ በአገሩ ሁሉ የነበረው የአስፋልት መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በ1967 በኦራፓ አልማዝ ተገኘ። የማዕድን ባለቤትነት የየጎሣው መሆኑ ቀርቶ የአገሩ ሁሉ እንዲሆን በሕግ ሲወሰን፣ ኦራፓ የሚገኘው በፕሬዚዳንቱ በሰሬትሴ ካማ በራሳቸው ጎሣ ምድር ነበር። መንግሥቱም በማዕድን ኩባንያው እኩል ባለድርሻ ሆነ፤ ገቢው ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድና ለጤና ዋለ፤ ከትርፉም ለመጪው ትውልድ ተቀመጠ። የዚያ አገር ገንዘብ ስም “ፑላ” ነው፤ በቋንቋቸው “ዝናብ” ማለት ነው። የአያቴን ገንዘብ ያጠፋው ዝናብ፣ በዚያ በደረቅ አገር የገንዘብ ስም መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ሆኖም ቦትስዋናም ቢሆን ከፈተና አላመለጠችም። በ2023 እና በ2024 የአልማዝ ገበያ ሲቀዘቅዝ ገቢዋ ክፉኛ ቀንሷል። ይህም ቆጥ ላይ የተሰቀለ አሞሌ እንኳ ሌላ ሥራ ካልተጨመረበት ማለቁ እንደማይቀር ያሳያል። ማዕድን እንደ እህል በየዓመቱ አይዘራም፤ አንድ ጊዜ ከወጣ ወጥቷል። ስለዚህ ያገር ሀብት የሚባለው ከጉድጓዱ የወጣው ሳይሆን፣ ወጥቶ ወደ ዕውቀት፣ ወደ እርሻና ወደ ፋብሪካ የተለወጠው ነው።

ያ ተማሪዬ ዛሬ በማታ ትምህርት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሷል፤ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ግን ማንም አይመልስለትም። ከአያቴ አሞሌዎች የቀረው አንዱ በእኔ ቤት አለ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ ካርታውን ከመዘርጋቴ በፊት እርሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ ነበር። ልጆቹም በየተራ እጃቸው ላይ ይዘው ክብደቱን ካዩ በኋላ፣ “ይህን ማን ይጠብቀው? በምንስ ይጠበቅ?” ብዬ እጠይቃቸው ነበር። ወርቁ የት እንዳለ የማሳያቸው መልሱን ከሰማሁ በኋላ ነው።