አካፋው ከበደኝ

ጥጥ የመሰለው በረዶ እስራኤል ውስጥ የምንኖርባትን ሮሽ ሃዓይንን አያውቃትም ማለት ይቻላል። እሱ የኢየሩሳሌም ነው። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2013 ወደዚያ የሚወስደውን 1 ቁጥር መንገድ ዘግቶ፣ የብዙ ሺህ ቤት መብራት አጥፍቶ ነበር። እኛ ዘንድ ማዕበል ሲመጣ ጠጠር በረዶ፣ ጎርፍና ጭቃ ነው የሚተርፈን። ለእኔ እሱም በዛብኝ።

ትናንት ጠዋት የግቢው የውሃ መውረጃ በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ደረጃው ላይ ደርሷል። አካፋ ይዤ ወረድኩ። በረዶ የተለወሰበት ጭቃ እንዴት ይከብዳል! ገና ትንሽ ዝቄ ወደ ባልዲው ስገለብጥ ወገቤ ያዘኝ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ጎንደር እያለሁ ሲያርስ ውሎ ማታ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ነበርኩ እኮ።

«አባባ፣ ተወው፣ እኔ ልጨርሰው» አለኝ የጎረቤት ልጅ። ከወገቤ ይልቅ «አባባ» መባሌ አመመኝ፤ አካፋውን ግን ሰጠሁት።

ሚኒሶታ ያለው የአጎቴ ልጅ በስልክ ሲስቅብኝ ቆየና ቁም ነገር አነሳ። ብርድ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ከባድ ነገር ማንሳት ደግሞ የደም ግፊትን ይጨምራል። እዚያ አገር በረዶ ሲዝቁ ልባቸው ታሞ የሚወድቁ በየክረምቱ አሉ።

እኩዮቼ፣ በተለይ የግፊት ክኒን የምትውጡ፣ በጥቂት በጥቂቱ ዛቁ፣ እያረፋችሁ። ደረታችሁን ከጨመቃችሁ አካፋውን ጥላችሁ ለአምቡላንስ 101 ደውሉ።