ከኪሎ ሜትሩ ቁጥር በፊት ካምቢዮውን እዩ

ሶፊ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዷ ሰሞኑን ደወለችልኝ። "ቲቸር፣ እቁብ ደርሶኛል። ከወንድሜ ጋር ሆነን ቪትዝ ልንገዛ ነው። አውቶማቲክ ናት፤ ግን 214 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። እንተዋት?" አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለምትጠይቁኝ መልሱን እዚሁ ልጻፈው። መካኒክ አይደለሁም፤ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ግን መኪና ለመግዛት ከብዙ ሰው ጋር ዞሬያለሁ።

ድሮ ቢሆን "ሌላ ፈልጊ" ማለት ይቀል ነበር። አሁን ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ ከበድ ያለ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ አገደ። ስለዚህ እዚሁ ያሉት አሮጌዎቹ ናቸው እጅ በእጅ የሚዞሩት። 200 ሺህ ያለፈ መኪና ላይ መደራደር የሁላችንም ዕጣ ሆኗል።

መጀመሪያ ቁጥሩን ለመኪናው ዕድሜ አካፍሉት። የ20 ዓመት መኪና 214 ሺህ ከሄደ በዓመት 10,700 ገደማ ነው፤ የሚያስደነግጥ አይደለም። ይልቅ እኩያዋ የሆነች መኪና 70 ሺህ ካነበበች ጠርጥሩ። በቀን 10 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሄደችም ማለት ነዋ! የፍሬን ፔዳሏን፣ መሪዋንና የሾፌሩን ወንበር ተመልከቱ። እነሱ አልቀው ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ቁጥሩ ተመልሷል።

ቀጥሎ ካምቢዮው። የሐረርን ፔጆ 404 ታክሲዎች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መኪናው መመረት የጀመረው በፈረንጆቹ 1960 ነው። እስካሁን ካቆዩት ነገሮች አንዱ ማንዋል መሆኑ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ የሰፈር መካኒክ ፈትቶ ይቀይረዋል። አውቶማቲክ ውስጥ ግን ፍሪሲዮኖቹ ዘይት ውስጥ የተነከሩ ስስ ሳህኖች ናቸው። እንዲይዙ የሚጫናቸው የዘይቱ ግፊት ነው። ዘይቱ ከተቃጠለ ሳህኖቹ መንሸራተት ይጀምራሉ፤ ሲንሸራተቱ ይግላሉ፤ ዘይቱም ይብስበታል። የእኛ መንገድ ደግሞ አይምርም። ከድሬዳዋ በደንገጎ ሰው ጭኖ የሚወጣ ካምቢዮ ምን ያህል እንደሚግል አስቡት።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

ጠዋት ሂዱ፤ ሞተሩ ሳይነሳ እንዲጠብቃችሁ ንገሩ። አስነሱና ፍሬን ይዛችሁ ወደ አር፣ ከዚያ ወደ ዲ ቀይሩ። ከሁለት ሰከንድ በላይ ከዘገየ ወይም በኃይል ከገጨ ጥሩ ምልክት አይደለም።

የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ካለው አውጥታችሁ በነጭ ሶፍት ጥረጉት። ቀላ ካለ ደግ ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ውስጡ ተጎድቷል። ትናንት የተቀየረ ዘይትም ማስረጃ አይሆንም፤ "መቼ፣ የት ተቀየረ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ዳገት ላይ ንዷት፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልሄደች ካምቢዮው እየተንሸራተተ ነው። ቀዝቃዛ እያለ ደህና ሆኖ ሲግል የሚያስቸግር አለና ከሞቀ በኋላ አር እና ዲን ድገሙት።

ከ2005 (በፈረንጆቹ) ወዲህ ከጃፓን የመጡት ቪትዞች አብዛኞቹ ሲቪቲ ናቸው፤ የሚሠሩት በቀበቶ ነው። ዘይታቸው ለብቻ ነው። የተራ አውቶማቲክ ዘይት ከተሞላበት ካምቢዮው ይበላል።

ከመደራደራችሁ በፊት ደግሞ ጋራዥ ሄዳችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ይህን ካምቢዮ እዚህ የሚፈታው ማነው? ቢበላሽ ሌላው ስንት ነው? ያንን ብር ከዋጋው ላይ አስቀንሱ፤ ካልሆነም ለብቻ አስቀምጡ።

ልጅቷ ይህን ሁሉ አደረገች። አር ሲገባ ዘገየ፤ ዘይቱም ጠቁሮ ነበር። ደላላው "አቦ፣ ይሄ የቪትዝ ሁሉ ጠባይ ነው!" አላት። የካምቢዮውን ዋጋ ቀንሳ ሰጠች፤ ሻጩ እምቢ አለ፤ ትታ መጣች። ወንድሟ ለሦስት ቀን አኩርፏታል። እኔ ግን እሷን ደግፌያለሁ። እቁቡን በሳምንት በሳምንት ገና ትከፍላለች። የቆመች መኪና እቁብ እየከፈሉ በባጃጅ መሄድ ምን ይባላል?

ወንድሜ ሆይ፣ አንተም ይህን እያነበብክ ከሆነ ኩርፊያህን ተወውና ሌላ ፈልጉ። 200 ሺህ የሄደች፣ ዘይቷ በጊዜው የተቀየረላት መኪና አለች።

ሐረርና ድሬ ያላችሁ መካኒኮች፣ የጎደለውን ጨምሩበት። ካምቢዮ አሳምሮ የሚፈታ ሰው የምታውቁም ኮሜንት ላይ ጠቁሙን።