ሐዲድ የሌለው ባቡር

«ባቡሩ ከገበያው ጀርባ ነው፤ ግን ዛሬ ወረፋ አለው» አሉኝ።

ከባሕር ዳር በተሳፈርኩበት ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ናቸው። የጉማራን ድልድይ አልፈን ፎገራ ሜዳ ሲዘረጋ «ወረታ ምን ጉዳይ አለህ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። «ስለ ባቡር ልጽፍ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። እኔ በልቤ የያዝኩት ጭሱን እየተፋ የሚያዘግመውን ያን የጥንት ባቡር ነው። እሳቸው የገባቸው ግን ወፍጮው ነው። በዚህ አገር «እህሉን ባቡር ወሰድኩት» ያለ ሰው ሊያስፈጭ ሄዷል ማለት ነው።

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ቃሉ ራሱ ሁለታችንንም ይታዘበናል። ባቡር የጣሊያንኛው «ቫፖሬ» ዘመድ ነው፤ ትርጉሙም እንፋሎት። የእሳቸው ባቡር በናፍጣ ይሠራል፤ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሰው ደግሞ በኤሌክትሪክ። እንፋሎቱ ተኖ ስሙ ብቻ ቀርቷል።

ወረታ መገንጠያው ላይ ወረድኩ። ፊት ለፊት የጎንደር መንገድ፣ በቀኝ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወጣው መንገድ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ሩዙ ታጭዶ ተከምሯል፣ እርጥበቱ ባልጠፋው ማሳ ላይ ጓያው አረንጓዴ ሆኗል። የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ባወጣው የአገር አቀፍ መረብ ዕቅድ አንዱ መስመር ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወረታ በኩል ወደ ወልድያና ሰመራ ይዘልቃል፤ ሌላው ከዚሁ ከወረታ ተገንጥሎ በአዘዞ መተማ ይወርዳል። በወረቀቱ ላይ እዚህ የቆምኩበት ቦታ መገናኛ ጣቢያ ነው። ዙሪያዬን ብመለከት ባጃጅ፣ የሽንኩርት ጆንያና አህያ።

የእንፋሎት ወሬ ግን ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጣና ላይ የእንፋሎት መርከብ ለማስመሰል ትላልቅ የደንገል ታንኳዎች አሠርተው፣ በጎናቸው በእጅ የሚዞር መንኮራኩር እንዳስገጠሙ እስረኛቸው የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። በቀኝ በሚወጣው መንገድ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠሩ። እውነተኛው እንፋሎት ግን የመጣው ሊወጋቸው ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በ1860 ዓ.ም. ከዙላ ወደብ ወደ ኩማይሊ ከሕንድ ባመጣው ሐዲድ ላይ ትንንሽ ባቡሮች እየነዳ ስንቁን አጓጓዘ። ንጉሡ የተመኙትን ማሽን ጠላታቸው ለጥቂት ወራት ተጠቅሞበት ሄደ።

ሰላማዊው ባቡር የመጣው በምኒልክ ዘመን ነው። ፈቃዱ በ1886 ዓ.ም. ተሰጠ፤ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር፤ አንድ ረጅም እርምጃ። ጠባብ ሐዲድ በጠባብ ጥምዝ ይዞራል፣ ቀላል ብረት ይበቃዋል፣ ወጪው ይቀንሳል፤ የሚሸከመው ግን ትንሽ ባቡር ነው። ትንሹም ቢሆን እሳትና ውኃ ካላገኘ አይነቃነቅም። እሳቱ ውኃውን ያፈላል፣ የታመቀው እንፋሎት ብረቱን ይገፋል፣ ብረቱ መንኮራኩሩን ያዞራል፤ ከዚያ እንፋሎቱ በጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ ይተፋል። ስለዚህ በየጣቢያው ይጠጣል፤ ከጅቡቲ ሽቅብ ባለው በረሃ ትልቁ ራስ ምታት ውኃ ነበር።

ፎገራ ላይ ቢሆን ውኃ አይጠማውም። ርብና ጉማራ ክረምት ሲሞሉ ሜዳውን ያለብሱታል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ይህ ጥቁር አፈር በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጣል፣ ሐዲዱን እንደ ገመድ ያጣምመዋል። ገበሬውም ከውኃው ጋር መታገሉን ትቶ ከውኃው የሚስማማ እህል ያዘ። በደርግ ዘመን ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች ሩዝ አለማመዱት፤ አንዱ ዝርያ እስከ ዛሬ በጅግና ቀበሌ ስም ኤክስ ጅግና ይባላል።

እማማን ተከትዬ ባቡሩ ዘንድ ደረስኩ። ቱፍ ቱፍታው ከሩቅ ይጠራል። ውስጡ ቀበቶ ይጮኻል፤ በአንድ በኩል ጤፍና ሩዝ ተቀላቅሎ ይፈጫል፣ በሌላ በኩል ሩዙ ከነቅርፊቱ ገብቶ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከግቢው ኋላ የገለፈት ክምር ቤት ያህላል። የበርማ ሩዝ መፈልፈያዎች ይህንኑ ገለፈት እያነደዱ የእንፋሎት ሞተር ሲያዞሩ ኖረዋል፤ የጃቫ ስኳር ፋብሪካዎች ደግሞ ትንንሽ ባቡሮቻቸውን በአገዳ ገለባ ነድተዋል። ከክምሩ ፊት ቆሜ ከዚህ እስከ ጅግና የምትሄድ አንዲት ትንሽ ባቡር በሐሳቤ አስነሣሁ።

«ያ ያንተ ባቡር» አሉኝ እማማ፣ ዱቄቱን ከነጠላቸው እያራገፉ፣ «እህል ይፈጫል?»

«አይፈጭም፣ እማማ። ይጭናል እንጂ።»

አሰቡበት። በልጅነታቸው ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ ይፈጩ እንደነበር መንገድ ላይ ነግረውኛል፤ በጉልበታቸው ላይ አሁንም ምልክቱ አለ። ከዚያ ሥቃይ ያወጣቸው ይህ የሚጮኸው ባቡር ነው።

«ይኸኛው ከጉልበቴ አሳርፎኛል» አሉና ጆንያውን ጀርባቸው ላይ አመቻቹ። «ያኛው ከጀርባዬ ካሳረፈኝ ይምጣ። ግን በሩ ድረስ ይምጣ፤ በሩቅ አልፎ የሚሄደውንማ ባቡር ምን አደርገዋለሁ?»

ጆንያውን ተቀብዬ እስከ ባጃጁ ተሸከምኩላቸው። ከብዶኝ ነበር።